ቄስ መዝገቡ የገዘቱት ሒሳብ

«አሥራ ሁለት ብቻ?»

ቄስ መዝገቡ ይህን የጠየቁት ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ ነው። ከደብረ ታቦር ገበያ ሲመለሱ ወደ ገሳይ የሚወስደውን የመኪና መንገድ ለቀው ወደ ሚካኤል ደብር የሚያወጣውን አቀበት እንደ ጀመሩ፣ የጎረቤታቸውን የጥሩወርቅን ልጅ ፈንታነሽን ከወይራው ሥር ተቀምጣ አገኟት። ጉልበቷ ላይ ወፍራም መጽሐፍ ተዘርግቷል። ልጅቱ ብድግ ብላ መስቀል ልትሳለም ጎንበስ አለች፤ መስቀሉ ግን ከኪሳቸው አልወጣም።

«ምኑ ነው አሥራ ሁለት፣ አባ?»

«ዕድሜዬ ነዋ! አሥራ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል ብለሽ የለም?»

«ለማን ነው ያልኩ?»

«ለዘነበች። ለሷ ደግሞ ሃያ አንድ ሰፍረሽላታል አሉ። ምነው ልጄ? ያጠመቅሁሽ እኔ፣ እናትሽን የማናዝዝ እኔ፤ ለኔ ሲሆን ነው ቁናው የሚጎድል?»

ነገሩ እንዲህ ነው። የቄሱ ባለቤት ወይዘሮ ዘነበች በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጥረው የምስክር ወረቀት ከተቀበሉ ወዲህ ያገኙትን ጽሑፍ ሁሉ ሳያነቡ አያልፉም፤ የዘይት ቆርቆሮ ይሁን፣ የማዳበሪያ ጆንያ ይሁን፣ በገበሬ ማኅበሩ ግድግዳ ላይ የተጻፈ መፈክር ይሁን። ከትናንት በስቲያ ወንፊት ሊዋሱ እነጥሩወርቅ ቤት ቢገቡ መጽሐፉን ተከፍቶ አገኙት። ፊደሉ የፈረንጅ ነው፤ ቁጥሩ ግን ዘመቻው ያስተማራቸው ያው ቁጥር ነው። ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እየሳቡ፣ «ይኸ ምንድን ነው?» አሉ። ፈንታነሽ ሐሳቧ ሌላ ጋ ነበረና፣ «ይኸኛው ዕድሜ ነው፤ ከጎኑ ያለው ደግሞ በአማካይ የሚቀረው ዓመት» አለቻቸው። ወይዘሮ ዘነበች ወንፊቱን ያዙ፤ «በአማካይ» የምትለዋን ግን እዚያው ጥለው ወጡ። የባላቸው ስልሳ ሦስት፣ ከጎኑ አሥራ ሁለት። የራሳቸው አምሳ፣ ከጎኑ ሃያ አንድ። ይህን ያህል አንብቦ ዝም ብሎ የሚያድር ሰው ደግሞ የለም።

«አባ፣ ይህ እኮ የትምህርት መጽሐፍ ነው» አለች ፈንታነሽ። «መስከረም ላይ ፈተና አለብኝ።»

«በሞት የሚፈትን ምን ዓይነት ትምህርት ቤት ነው?»

«የመድን ሒሳብ ይባላል። ስንት ሰው…»

«መድንማ አንድ ነው፤ እሱም መድኃኔ ዓለም ነው። በሒሳብ አይገባም።»

ፈንታነሽ ሳቀች። ክፋት አልነበራትም፤ መልሱ ጥሩ ሆኖባት ነው። ነገር ግን ሰው ዕድሜው ተሰፍሮ በተነገረው ሰሞን ሲሳቅበት አይወድም። የቄሱ ፊት እንደ ክረምት ጉና ተራራ ጠቆረ።

«ትስቂያለሽ? እንግዲያው በጴጥሮስ ወጳውሎስ ሥልጣን ገዝቼሻለሁ! ይህን መጽሐፍ እንዳትከፍቺ!»

ብለው አቀበቱን ሽቅብ ተያያዙት፤ ዞረው እንዳያዩ ራሳቸውንም የገዘቱ ይመስል።

ዘመኑ ሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ነው። ከተሜ አንባቢ፣ «በዚያ ዘመን ዩኒቨርሲቲ የገባች ልጅ በቄስ ግዝት መጽሐፍ ትዘጋለች ወይ?» ይል ይሆናል። አዲስ አበባ ብትሆን ምናልባት አትዘጋም ነበር። እዚህ ግን እናቷ አለች። ጥሩወርቅ ሦስት ልጆች ቀብራ ነው እሷን ያገኘቻት፤ ስሟን ፈንታነሽ ያለቻትም ስለዚሁ ነው። እንዲህ ያለች እናት ግዝት በተጣሰበት ቤት እንቅልፍ አይወስዳትም። ስለዚህ ልጅቱ መጽሐፉን በነጠላ ጠቅልላ ከሣጥን አኖረችው።

ጉዳቱ ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። ፈንታነሽ የሦስተኛ ዓመት የሒሳብ ተማሪ ናት። የመድን ሒሳብ ባለሙያ፣ ፈረንጆቹ አክቹዋሪ የሚሉት፣ ቤቱም መኪናውም የሰው ሕይወትም ዋስትና ሲገባለት ምን ያህል መዋጮ ቢሰበሰብ ለተጎጂዎቹ እንደሚበቃ የሚያሰላ ሰው ነው። ለዚህ ደግሞ ዲግሪው ብቻ አይበቃም። ከእንግሊዝ አገር ታሽጎ የሚመጣ ፈተና አለ፤ አንዱን ሲያልፉት ሌላው ይከተላል፤ እስከ መጨረሻው ዓመታት ይፈጃል። የመጀመሪያውን ላለፈ ተማሪ ሥራ ሊሰጥ አንድ መሥሪያ ቤት ቃል ገብቷል። ከሷ ጋር ከጀመሩት ሦስት ልጆች ሁለቱ ትተውታል። መጽሐፉ አንድ ለናቱ ነው፤ ከቀረው ጓደኛዋ ከማሩ ጋር በትምህርት ወራት ሲፈራረቁበት ከርመው ክረምቱ የሷ ተራ ሆነ። እንግዲህ መጽሐፉ ከሣጥን እንደ ተቀመጠ ክረምቱ ካለፈ ፈተናውም አብሮ ያልፋል፤ ሌላ ዓመት ሲመጣ መጽሐፉ በማን እጅ እንደሚገኝ ማንም አያውቅም።

«ይቅርብሽ ልጄ» አለቻት ጥሩወርቅ። «ደብረ ታቦር ላይ አስተማሪ ብትሆኚ ምን ይጎድልብሻል? ሞት እንደሁ ሳይቆጥሩትም ይመጣል።»

«እሱማ ይመጣል እማዬ። ሲመጣ ቤቱን እንዳያራቁተው ነው።»

ጥሩወርቅ ይህ አልገባትም፤ ግዝቱ ግን ገብቷታል።

ቄስ መዝገቡም ቢሆኑ ከዚያ ቀን ወዲህ አልተመቻቸውም። ወይዘሮ ዘነበች በልዩ እንክብካቤ ይይዟቸው ጀመር። ቀድሞ «ተነሡ እንጂ» ይሉ የነበሩት ሴትዮ አሁን «አረፍ ይበሉ» ይላሉ። ደጅ ሲወጡ ደግሞ፣ «ኧረ ጋቢውን ደርቡ! ያለችዎትን እንኳ በደኅና ይጨርሷት» ይሏቸዋል። ቄሱ ይህን ሲሰሙ ጋቢው ይከብዳቸዋል።

የፍልሰታ ጾም ገባ። አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ዝናቡ እስኪያባራ ደጀ ሰላሙ ውስጥ አረፍ እንዳሉ፣ ከግድግዳው ውጭ ከክዳኑ ጥግ አንድ ድምፅ ሰሙ። ቋንቋው አይገባቸውም። አካሄዱን ግን ያውቁታል። ድምፁ ይሄድና ይሰናከላል፤ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የተሰናከለባትን ቃል ደጋግሞ ያሻትና ያልፋታል። በልጅነታቸው ይፋግ ከተማ አጠገብ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጠው ውዳሴ ማርያምን የያዙት በዚሁ አካሄድ ነው። ቄሱ ሳያስቡት ከንፈራቸው አብሮ ተንቀሳቀሰ።

ብቅ ቢሉ ፈንታነሽ ናት። ዓይኗን ጨፍና ወዲያና ወዲህ ትላለች።

«መጽሐፉን ከፈትሽው?»

«አልከፈትኩም አባ። የከፈትኩት አፌን ነው፤ አፌን አልገዘቱትም።»

ቄሱ ሊቆጡ አሰቡ፤ ቁጣው ግን ሲጠሩት አልመጣም።

«ምኑን ነው የምትቀጽይ?»

«ሳይዘጋ በፊት ያነበብኩትን። እንዳይጠፋኝ።»

«በቃልሽ?»

«እርስዎስ ውዳሴ ማርያምን በምን ያዙት?»

«ወዲህ ግቢ፤ ዝናቡ ይመታሻል» አሉ ቄሱ። መልስ መስጠታቸው ነው።

ገብታ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች። ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠርገው ክርክሩን ከሩቅ ጀመሩት።

«ዳዊት ሕዝቡን ቢቆጥር መቅሠፍት ወረደበት። ይህን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ዮሴፍስ በግብፅ እህሉን አልቆጠረም?»

«ዮሴፍማ!» ቄሱ ጣታቸውን ወደ ላይ አነሡ፤ በመጽሐፍ ለመጣባቸው ሰው አይመለሱም። «ዮሴፍማ እህሉ እንደ ባሕር አሸዋ ስለ በዛበት መቁጠሩን ተወ ነው የሚል!»

«እስኪተው ድረስ ይቆጥር ነበራ፣ አባ።»

የቄሱ ጣት ቀስ ብላ ወረደች።

«ይሁን። እህል ሌላ፣ ሞት ሌላ። የሰው ቀኑ በፈጣሪው እጅ ነው።»

«እኔስ መቼ ሌላ አልኩ? የአንድ ሰው ቀን በማንም መጽሐፍ የለም፤ በኔም የለም። እማማ ዘነበች ያነበቡት የእርስዎን ዕድሜ አይደለም። እርስዎን የሚያክሉ እልፍ ሰዎች ናቸው። አንዱ ነገ ይሄዳል፤ አንዱ ሠላሳ ዓመት ይቆያል። ተደምሮ ለሁሉም ሲካፈል አሥራ ሁለት ይሆናል። ያውም የኛ አገር ሰዎች አይደሉም፤ የኛን ገና የቆጠረ የለም።»

«የፈረንጆች ናቸው?»

«የፈረንጆች ናቸው።»

ቄስ መዝገቡ በረዥሙ ተነፈሱ። ለፈረንጆቹም ትንሽ አዘኑላቸው።

«ለመሆኑ አባ» አለች ፈንታነሽ፣ «አምና ስንት ሰው ቀበራችሁ? ሕፃናቱን ትተው።»

«አምና ዘጠኝ።»

«ካቻምናስ?»

«አሥራ አንድ መሰለኝ። ከዚያ በፊት አሥር። ተስቦ የገባ ጊዜማ አሥራ ሰባት ደርሰን አልነበር? አስከሬን አውጥተን ሳንመለስ ሌላ ይጠራናል። ከዚያ ወዲያ ግን ያው ነው።»

«ለከርሞስ?»

«ለከርሞማ ያው ዘጠኝ፣ አሥር መሆኑ ነው» አሉ ቄሱ፤ አሉናም የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ወሰዱ።

«እነማን ናቸው፣ አባ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ!»

«መጽሐፉም አያውቅም።»

ቄሱ ሲቀድሱ ውለው ሲያርሱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ፈንታነሽም ይህን ታውቃለችና በዚያው በእርሻው በኩል መጣችባቸው።

«ገብስ ሲዘሩ ፍሬው ሁሉ ይበቅላል ብለው ነው?»

«የለም። ወፍ የሚለቅመው አለ፣ ትል የሚበላው አለ፣ የሚበሰብስ አለ።»

«የትኛው ፍሬ እንደሚበሰብስ ያውቃሉ?»

«ማን ያውቃል?»

«ታዲያ ምን ያደርጋሉ?»

«አብዝቼ እዘራለኋ!»

«የኔም ትምህርት ይኸው ነው። የሚበሰብሰው የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ፣ ምን ያህል አብዝተው ቢዘሩ እንደሚበቃ ማወቅ።»

«ማወቁስ ምን ይረባል?» አሉ ቄሱ። የተሸነፈ ተከራካሪ ሁልጊዜ ወደዚች ጥያቄ ነው የሚሸሸው። «የሞተ እንደሆነ አይነሣ።»

ፈንታነሽ በበሩ ወደ ታች አመለከተች። ከቅጥሩ ሥር የመበለቷ የእመቤቴ ማሳ ይታያል። ዙሪያውን ያለው ገብስ ጉልበት ደርሷል፤ የሷ ብቻ አረም ለብሷል። ባሏ ገብረየሱስ ኅዳር ላይ ነው የሞተው።

«ማሳው ለምን ጦም አደረ?»

«ባለ አንድ በሬ ሆና ቀረች። አንድ በሬ መቼ ያርሳል!»

«ሌላው የት ሄደ?»

ሌላው የት እንደ ሄደ ቄስ መዝገቡ አሳምረው ያውቃሉ። ለገብረየሱስ ተዝካር ታርዷል። ፍሪዳውን የባረኩ እሳቸው ናቸው፤ ድርሻቸውም በሌማት ተሸፍኖ ቤታቸው ድረስ መጥቶላቸዋል። ቀይ በሬ ነበር፤ ቀንበር የለመደ፣ ድምፅ የሚሰማ። አሁን አረሙን ሲያዩ ያን ሥጋ ዛሬ የበሉት ያህል ጉሮሯቸው ላይ ቆመ።

«ተዝካር ይቅር ነው የምትይ?» አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ቃሉ አልጠነከረም።

«አይቅር። ጸሎቱም ፍትሐቱም ይሁን፤ በሬው ይትረፍ ነው የምል። እዚህ ደብር ሁለት መቶ ያህል አባወራ አለ። በዓመት አሥር ሞት ቢሆን ነው ብለውኛል። መኸር ሲገባ እያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ቁና ገብስ ለአንድ የጋራ ጎተራ ቢሰፍር፣ ለያንዳንዱ ተዝካር ሃያ ቁና ይደርሳል። ጠላው፣ ዳቦው፣ ንፍሮው ከዚያ ይወጣል። በሬው ከቀንበሩ አይወጣም።»

«ተስቦ የገባ እንደሆነስ? አሥራ ሰባት የሆነ እንደሆነ?»

«ይኸው እርስዎም ፈተናውን ጀመሩት!» አለች ፈንታነሽ ደስ ብሏት። «በደጉ ዓመት የተረፈው አይከፋፈልም፤ ለክፉው ይቀመጣል። ምን ያህል ቢቀመጥ እንደሚበቃ ነው የሚጠይቁኝ።»

«መልካም። አንዱ ጎልማሳ ተነሥቶ፣ ‹እኔ ደኅና ሰው ምን ቆርጦኝ ለሚሞት እሰፍራለሁ› ቢለኝስ?»

«‹ከአሥሩ አለመሆንህን በምን አወቅህ› ይበሉታ።»

ቄሱ ሳይወዱ ሳቁ። ያችን አሥራ ሁለት ከሰሙ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቃቸው ነው። ግዝቱን ግን በዚያው ቀን አልፈቱም። የሽማግሌ ልብ እንደ አሮጌ በር ነው፤ ሲከፈትም እየጮኸ ነው። «እስቲ አድሬ ልየው» አሉና ጭቃውን እየመረጡ ወረዱ። ከእመቤቴ ማሳ ጥግ ሲደርሱም ከወትሮው ይልቅ ቀስ አሉ።

በማግሥቱ ከወይዘሮ ዘነበች ጋር ሆነው እነጥሩወርቅ ቤት መጡ። መጽሐፉ ከሣጥኑ ወጥቶ ነጠላው ተፈታ። ቄሱ መስቀላቸውን ከሽፋኑ ላይ አኖሩ።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ። የተናገርኩት ሳልሰማ ነው።» ጥሩወርቅ እልል ልትል ከጅሏት በጾም አፍራ ተወችው። «አሁን የኔን መስመር አሳዪኝ።»

አሳየቻቸው። ቄሱ አሥራ ሁለትን አተኩረው አይዋት።

«ይህን ስጨርስ ሰባ አምስት ይሞላኛል። ያኔስ?»

ፈንታነሽ ጣቷን ወደ ታች ወሰደች። «ለሰባ አምስት ዓመት ሰው ሰባት ይላል።»

«ሌላ ሰባት? በላዩ ላይ?»

«እዚያ ለደረሰ ሰው ይጨምርለታል።»

«እሱንስ ስጨርስ?»

«አራት።»

ቄሱ ቀና ብለው ባለቤታቸውን አዩ። «ሰማሽ ዘነበች? አጠገቡ በደረስኩ ቁጥር እየሸሸልኝ ነው።»

«ቢሆንም ጋቢውን ደርቡ» አሉ ወይዘሮ ዘነበች።

ፈንታነሽ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወይራው ሥር ከረመች። ከጎረቤት ማንም ሳያዘው ውኃውን የቀዳላት፣ ከብቱን ያገባላት ሰው ብዙ ነው፤ ቄሱ «ልጅቱን ተዋት፣ ትቀጽል» ብለዋላ። ጾሙ በተፈታ በመጀመሪያው እሑድ ደግሞ ቄስ መዝገቡ ከቅዳሴ በኋላ የደብሩን አባወራዎች በዛፉ ጥላ አስቀምጠው የቁናውን ነገር አነሡ። ወዲያው ጌጡ የሚሉት ደረተ ሰፊ ገበሬ ተነሣ።

«አባ፣ እኔ ሆዴን እንኳ አሞኝ አያውቅም። ምን ቆርጦኝ ነው ለሰው ሞት ገብስ የምሰፍር?»

«ከአሥሩ አለመሆንህን በምን አወቅህ?» አሉ ቄሱ፤ ሐሳቡ ከራሳቸው ጉሮሮ የበቀለ ያህል ኮራ ብለው።

ጌጡ አንዴ ወደ ጓደኞቹ፣ አንዴ ወደ መቃብሩ አየና ተቀመጠ።

ነገሩ በዚያው ቀን ጸና። ጎተራው ለከርሞ መኸር ይደርሳል ተብሎ ጭቃው ተቦካ፤ የእመቤቴን ማሳ በደቦ ሊያርሱላት፣ ዘሩንም ሊያዋጡላት ተስማሙ። እንግዲህ አስተዋይ ሰው ልብ ይበል። የሟች ነፍስ የሚገባት ጸሎት አልቀነሰባትም። የቀነሰው ከቀብር ማግሥት ቤቱን ይጎበኝ የነበረው ሁለተኛው ሞት ነው፤ በሬ ታርዶ፣ ማሳ ጦም አድሮ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርቶ ለሰው ከብት ጠባቂ የሚገባበት። ሰው ሞቱን ቆጥሮ አያስቀረውም። ቆጥሮ ከተዘጋጀበት ግን ሞት የመጣበትን አንዱን ወስዶ ይሄዳል እንጂ ቤተ ሰቡን አስከትሎ አይሄድም። ይህንንም ያመጣው ልጅቱ የተማረችው ብቻ አይደለም፤ ሽማግሌው ቁጭ ብለው መስማታቸውም ነው።

ጳጉሜ ላይ ፈንታነሽ ወደ አዲስ አበባ ልትመለስ ተነሣች። የገሳይ መኪና እስኪመጣ መንገዱ ዳር ሁሉም ቆመዋል። ጥሩወርቅ ዳቦ ቆሎውን ታቅፋለች፤ ወይዘሮ ዘነበች የሻንጣውን ጽሑፍ ያነባሉ። መጽሐፉ በነጠላው እንደ ተጠቀለለ በፈንታነሽ ብብት ነው።

«ለመሆኑ» አሉ ቄስ መዝገቡ፣ «ለዚህ ፈተና ከሚቀመጡት ስንቱ ያልፋል?»

«ከመቶው ሠላሳ ቢሆኑ ነው፣ አባ።»

«እነማን ናቸው?»

ፈንታነሽ ፈገግ አለች፤ ወዲያው ግን ፈገግታዋ ደከመ። «እሱን ማን ያውቃል?»

መኪናው ከኩርባው ብቅ አለ። ቄሱ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አሳለሟት፤ ግንባሯንም፣ መጽሐፉንም ነኩ።

«እንግዲያስ አብዝተሽ ዝሪ» አሏት።